የሥዕል አርበኞች ፉከራ

ሰው በደጋ አገር ሲኖር ከሥራ ሁሉ የሚከብደው ከመኝታ መነሣት መሆኑን መንዝን ያየ ሰው አይክድም። ይልቁንም በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ውርጩ የሞላሌን ሜዳ ዱቄት እንደ ነፉበት አንጥቶ በሚያድርበት ወራት፣ ከባናው ሥር አንዲት እጅ ማውጣት እንኳ ምክርና ቆራጥነት የሚጠይቅ ነገር ስለሆነ፣ የቀድሞ ሰዎች ለዚህ ጉዳይ ዶሮን፣ የቤተ ክርስቲያንን ደወልና የእናትን ቁጣ መድበው ይኖሩ ነበር። በእኛ ዘመን ግን አንድ ሌላ ቀስቃሽ ተጨምሯል፤ እርሱም ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ከጎረቤት ጎረምሳ ስልክ ውስጥ ድንገት ፈንድቶ በጃፓን ቋንቋ የሚፎክር ሰው ነው።

ሰውየው ምን እንደሚል በሰፈሩ የሚያውቅ የለም፤ እንደሚፎክር ግን የሚጠራጠር የለም። መጀመሪያ ጊታሩ ያጓራል፤ ከበሮው ይከተላል፤ ከዚያ በኋላ ዘፋኙ ለጉሮሮው ሳይሳሳ፣ ጠላት ከደጅ የደረሰ በሚያስመስል ድምፅ፣ የተኛውን ሁሉ ለዘመቻ ይጠራል። የልጁ እናት ከማድ ቤት ሆነው «ኧረ ይኸን ጦረኛ አንድ በለው!» ይላሉ፤ ውሻው ይጮኻል፤ በጎቹ በበረታቸው ይተራመሳሉ፤ ከግድግዳው ማዶ ያለሁት እኔም ጋቢዬን በዳበሳ ፈልጌ እነሣለሁ። ግቢው በሙሉ ክተት ሲል፣ ክተቱን ያወጀው ባለ ስልክ ብቻ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ ይተኛል።

ቁጣዬ እየበረደ ሲሄድ ነገሩን ወደ መመርመር አዘነበልሁ፤ ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰ ሰው ሌላ ምን ሥራ አለው?

እነዚህ ዘፈኖች አኒሜ የሚባለው የጃፓን የሥዕል ፊልም መግቢያዎች ናቸው። አንዱ መግቢያ ከአንድ ደቂቃ ተኩል እምብዛም አያልፍም፤ ነገር ግን በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ጀግናው ይሮጣል፣ ይወድቃል፣ ያለቅሳል፣ ይነሣል፣ ጠጉሩ በነፋስ ይበተናል፣ ጠላቱም ከጨለማ ውስጥ ብቅ ብሎ ይስቃል፤ ታሪኩ ገና ሳይጀመር ተመልካቹ የጦርነቱን እኩሌታ ጨርሶ ያርፋል። ሥርዓቱ የቆየ ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. በጃፓን ቴሌቪዥን መታየት ለጀመረው፣ አስትሮ ቦይ ለሚባለው ከብረት ለተሠራ ልጅ የመዝሙሩን ግጥም የጻፈለት ሹንታሮ ታኒካዋ የተባለው ስመ ጥር ባለቅኔ ነበር። የጎንጅና የዋሸራ ሊቃውንት ለልጆች ፊልም መወድስ ቢቀኙ የሚያህል ነገር ስለሆነ፣ ከዚህ ወዲያ ጉዳዩን መናቅ አልቻልሁም።

ወደ ሞላሌ የሚደርሱበትም መንገድ የታወቀ ነው። ወይ «ፊልምና ሙዚቃ እንጭናለን» የሚል ወረቀት ከለጠፈ ሱቅ በሚሞሪ ተጭነው ይወጣሉ፤ ወይ ኔትዎርክ ከሚገኝባት ጉብታ ላይ ተቆሞ በቴሌግራም ይወርዳሉ። በዚያች ጉብታ ላይ በምሽት የሚቆሙትን ጎረምሶች ከሩቅ ያየ መንገደኛ ዘብ የቆሙ ሊመስሉት ይችላል፤ እነርሱ ግን ናሩቶ የሚባለው የሥዕል ፊልም እስኪወርድ የሚጠብቁ ናቸው።

ይህ ደጋና ጃፓን የተዋወቁት ግን በስልክ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፣ እዚሁ ከመንዝ ጎን በመርሐ ቤቴ ተወልደው እስከ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት የደረሱት ሊቅ፣ በ1924 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ተልከው ጃፓንን ከጎበኙ በኋላ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚል መጽሐፍ አሳተሙ። በዚያ ዘመን የነበሩ የተማሩ ሰዎች ጃፓን በአጭር ጊዜ እንዴት እንደ ሠለጠነች እያደነቁ እኛም የርሷን ፈለግ እንከተል ይሉ ነበር፤ የ1923ቱ ሕገ መንግሥትም ከጃፓን የሜይጂ ሕገ መንግሥት ብዙ ነገር የተወሰደበት መሆኑ የታወቀ ነው። ብላቴን ጌታ ከዚያች አገር እንዲመጣልን የተመኙት ጥበብና ኢንዱስትሪ ነበር። ከዘጠና ዓመት ገደማ በኋላ ወደ ትውልድ አገራቸው ደጋ የደረሰው ግን ጠጉሩን ያንጨባረረ ልጅ ከነፉከራው ነው። ባዩት ምን ይሉ እንደነበር አላውቅም፤ መጽሐፉን ለሁለተኛ ጊዜ ሲያሳትሙ አንዲት ምዕራፍ የሚጨምሩለት ግን ይመስለኛል።

በሌላ በኩል መንዝ ለፉከራ እንግዳ አገር አይደለም። ማማ፣ ላሎና ጌራ ተብሎ የሚከፈለው ይህ ምድር የሸዋ ነገሥታት ዘር የተነሣበት፣ በጣሊያን ወረራ ዘመንም እነ ራስ አበበ አረጋይ ከአርበኞቻቸው ጋር የተመላለሱበት ስለሆነ፣ ቀረርቶ ከገደል አፋፍ ሲለቀቅ የሰውን ደም ምን እንደሚያደርገው ሽማግሌዎቹ ከአባቶቻቸው ሰምተው ያውቃሉ። አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪንም በ1965 እ.ኤ.አ. ላሳተመው «ሰምና ወርቅ» የአማራን ጠባይ ሊመረምር ሲነሣ ከሰው ሁሉ የመንዝን ሰው መርጦ፣ እዚሁ ደጋ ላይ ብርዱን ችሎ ተቀምጧል።

ሁለቱን ፉከራዎች ጎን ለጎን ለሚያዳምጥ ሰው ዝምድናቸው ግልጽ ነው። የእኛ ፎካሪ ወደ ጠላት ከመግባቱ በፊት ስመ ፈረሱን ይጠራል፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ይባሉ ነበር። የጃፓኑም የሥዕል ጀግና ዝም ብሎ አይመታም፤ መጀመሪያ የምቱን ስም በሙሉ ድምፁ ያውጃል፤ አንዱ «ካሜሃሜሃ!» ይላል፣ ሌላው «ራሰንጋን!» ይላል፤ ጠላትም ያን ሁሉ አዋጅ ቆሞ ያዳምጣል። አስቀድሞ ያላሳወቀ ጀግና እንደ ሌባ እንዳይቆጠር ይሆናል። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚለው ተረት በዚያም አገር የሚሠራ ሕግ መሆኑን ሳይ፣ ልቤ ወደ ጎረምሳው ጥቂት አዘነበለ።

የዘፋኞቹም ነገር ቀላል አይደለም። ኢቺሮ ሚዙኪ የሚባል ዘፋኝ ነበር፤ በ1972 እ.ኤ.አ. ማዚንገር ዜድ ለተባለው የብረት አርበኛ የዘፈነ፣ ከዚያ ወዲህ ስሙ ከዚህ ዓይነት ዘፈን ተለይቶ የማያውቅ፣ አድናቂዎቹም ታላቅ ወንድም እያሉ የሚጠሩት ሰው ነው። ይህ ሰው በ1999 እ.ኤ.አ. በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ አንድ ሺህ ዘፈን ዘፈነ። የሳንባ ካንሰር ይዞት እንኳ በ2022 እ.ኤ.አ. ሊሞት ጥቂት ቀናት እስኪቀሩት ድረስ ከመድረክ አልቀረም።

ይህን ታሪክ ለበዓል ሌሊቱን ሙሉ ማሕሌት ቆመው ለሚያድሩ ለአንድ መሪጌታ ባጫውታቸው፣ በአድናቆት ራሳቸውን ነቅንቀው ለጥቂት ጊዜ ካሰቡ በኋላ «ሃያ አራት ሰዓት? ለመሆኑ መቋሚያ ነበረው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

አልነበረውም አልኋቸው። እንግዲያው ዘፈኑን ላሰማዎ ብዬ ከጎረምሳው ስልክ አንዱን አስከፈትሁላቸው። መሪጌታ ዐይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ከሰሙ በኋላ ፍርዳቸውን ሰጡ፤ «ግዕዝ አይደለም፤ ዕዝልም አይደለም፤ ለአራራይ ደግሞ ጩኸት በዝቶበታል። ይኸ ቅዱስ ያሬድ ወፎቹን ሳይሰማ በፊት የነበረ መሆን አለበት።»

የመሪጌታን ፍርድ አልሽርም። ነገር ግን በዓለማዊው ዘፈን በኩል ሁለቱ አገሮች የሚቀራረቡበት አንድ ነገር አለ። የጃፓን የቆዩ ዘፈኖች ከሚመላለሱባቸው ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶች አንዱ ከእኛ ትዝታ ጋር፣ ሐዘን ከበዛበት ከአንደኛው ዓይነት ጋር ማለቴ ነው፣ በድምፆቹ አቀማመጥ የተስማማ ነው። ስለዚህ አንድ የሞላሌ ልጅ ከስልኩ የሚወጣውን የጃፓን ዜማ ሲያንጎራጉር አያቱ «ይኸን የት ሰምቼው ነበር?» ቢሉ በእርጅና አይፈረድባቸው።

የሚለያዩበትን ሳልናገር ባልፍ ግን ለአባቶቻችን እዳ ይሆንብኛል። የእኛ ፎካሪ የሚፎክረው ባደረገው ነው፤ ገዳይ ነኝ ካለ የገደለበትን ሸለቆ፣ ማራኪ ነኝ ካለ የማረከውን ጠመንጃ መጥራት አለበት፤ ከአድማጮቹም መካከል «ውሸት ነው!» የሚል አንድ ሽማግሌ እንዳይነሣበት ይፈራል። ራሱ ያደረገው ከሌለው የአባቱን፣ የአባቱ ከሌለው የአያቱን ይጠራል፤ ከሁሉም ከሌለው ጠላውን ጠጥቶ ዝም ማለት ይገባው ነበር፤ የሚፈጽመው ግን ጥቂት ነው። የጃፓኑ ልጅ ግን የሚፎክረው ገና በሚያደርገው ነው። አንድ ቀን እሆናለሁ፣ እደርሳለሁ፣ አልሸነፍም ይላል እንጂ ሆንሁ፣ ደረስሁ አይልም። እንደነዚህ ካሉት ታሪኮች ብዙዎቹ የወጡበት ሾነን ጃምፕ የተባለው የወንዶች ልጆች መጽሔት በ1968 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ሲሆን፣ የሚታወቅባቸው ሦስት ነገሮች ወዳጅነት፣ ጥረትና ድል ናቸው። የዘር ሐረግ የለም፤ ጋሻ መሬት የለም፤ የማረከው ጠመንጃ የለም። ምስክር የማይጠየቅበት ፉከራ መሆኑ ለጎረምሳ እንዴት እንደሚመች ለማንም የተሰወረ አይደለም፤ ዐሥራ ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ካለፈው ይልቅ የሚመጣው የበዛለት ስለሆነ፣ በሌለው ታሪክ ከሚፎክር በሚመጣው ቢፎክር ይሻለዋል።

ሌላም ያስደነቀኝ ነገር አለ። የወንዶችን ልብ ከሚያነሣሡት ከእነዚህ ዘፈኖች መካከል ብዙ የሚወደዱት አንዳንዶቹ በሴት ድምፅ የተዘፈኑ ናቸው። ኢቫንጌሊዮን ለተባለው በ1995 እ.ኤ.አ. የዘፈነችው ዮኮ ታካሃሺ፣ ዲመን ስሌየር ለተባለው በ2019 እ.ኤ.አ. «ጉሬንጌ»ን ያሰማችው ሊሳ ሁለቱም ሴቶች ናቸው። ለጃፓን ሰው ይህ ያስደንቀው ይሆናል፤ ለመንዝ ሰው ግን አዲስ አይደለም። ወንዱ ይፎክር እንጂ ከኋላው ሆና ጀግናውን የምታሞግስ፣ ፈሪውን ደግሞ ስሙን ሳትጠራ አገር እንዲያውቀው አድርጋ በግጥም የምትሸነቁጠው ሴት ባትኖር ኖሮ፣ ከዘማቹ ስንቱ ከመንገድ ይመለስ እንደነበር እግዚአብሔር ይወቅ።

አሁን ወደ ጎረምሳው ልመለስ፤ ምክንያቱም ይህ ሁሉ ወኔ የት እንደሚገባ መመርመር ይቀረኛልና።

በመኸር ወራት አባቱ ገብስ እንዲጠብቅ ይልኩታል። የመንዝ ገብስ ጠላቱ ብዙ ነው፤ ከሁሉም የሚከፋው ግን ከገደሉ ሥር መንጋውን አስከትሎ የሚወጣው ጭላዳ ነው። ልጁ ወንጭፉን በትከሻው፣ ኢርፎኑን በጆሮው አድርጎ ከካቡ ላይ ይቀመጣል። በጆሮው ውስጥ ግንብ ይፈርሳል፣ ሠራዊት ይተማል፣ ዘፋኙ አንድም ጠላት እንዳይተርፍ ይምላል፤ የልጁ ልብ ይሞላል፣ ዐይኑ ከአድማሱ ባሻገር ይቀራል። በዚያው ሰዓት የጭላዳው አውራ፣ ጎፈሩን አራግፎ፣ ሚስቶቹንና ልጆቹን ይዞ፣ ያለ ፉከራና ያለ ከበሮ ከማሳው መካከል ገብቶ ይቀመጣል። አባትየው ከማዶ ሆነው ቢጮኹ የሚሰማ ጆሮ የለም። ያን ዕለት ማታ ከቤቱ የተሰማው ፉከራ የአባትየው ነበር፤ ምስክርም ሆነ ማስረጃ አልጎደለውም።

ከዚህ የተነሣ እኔ የምጠረጥረው እንዲህ ነው። እነዚህ ዘፈኖች ለሰው ወኔውን በቅድሚያ ይከፍሉታል። ደመወዙን ሥራው ሳይጀመር የተቀበለ ሠራተኛ እንዴት እንደሚሠራ ደግሞ ቤት ያሠራ ሰው ሁሉ ያውቃል። አንድ ደቂቃ ተኩል ሙሉ ሲዋጋ የቆየ ልጅ ዘፈኑ ሲያልቅ ደክሞት መቀመጡ ያስገርማልን? በሠርግ ቤትም ያየነው ይኸንኑ ነው፤ ከሁሉ ይበልጥ የዘለለው፣ ዱላውን ከሁሉ ከፍ አድርጎ የነቀነቀው ሰው፣ በማግስቱ ድንኳን ለመንቀል ሲፈለግ አይገኝም።

ለልጁ ግን መናገር የሚገባኝ መልካም ነገርም አለ። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በደረሰበት ወራት፣ ሌሊት እስከ ስድስትና ሰባት ሰዓት ድረስ ከመጽሐፉ ሳይነሣ ሲያጠና፣ እንቅልፉን የሚያባርርለት ያው የጃፓን ፎካሪ ነበር። እናቱ ይህን ሲነግሩኝ በኩራት ነው። ስለዚህ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዘፈኑ ሲነሣ እርሱ የማይነሣበት ምክንያት ተገለጠልኝ፤ ሌሊቱን ያላስተኛው ያው ዘፈን ነው፤ ጠዋት ተመልሶ ተነሣ ቢለው ልጁ ምን ዕዳ አለበት?

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የጎረምሳው አያት የሚጠሉትን ነገር ሳያውቁ መጥላት ነውር መሰላቸውና ነገሩን ከሥሩ ለመመርመር ልጁን አስቀርበው ጠየቁት። እኔም ቡና ተጠርቼ ከዚያው ነበርሁ። አያትየው በወጣትነታቸው ስለ አባታቸው ርስት ከወረዳ እስከ ጠቅላይ ግዛት፣ ከዚያም እስከ አዲስ አበባ ሲሟገቱ የኖሩ ሰው ስለሆኑ፣ ምርመራቸው እንደ ቀልድ የሚታይ አልነበረም።

«ይኸ ሰውዬ ምን ተደርጎ ነው እንዲህ የሚጮኸው?» አሉ።

ልጁ ዘፈኑ የዋን ፒስ መሆኑን ነገራቸውና «ሉፊ የሚባል ልጅ ነው አባባ። አንድ ትልቅ የባሕር ሽፍታ የደበቀውን ሀብት ሊያገኝ ባሕር የገባ ነው» አለ።

«መቼ ነው የገባ?»

«እኔ ሳልወለድ፤ በቴሌቪዥን የጀመረ በ1992 ዓ.ም. ነው።»

«አገኘው?»

«ገና ነው አባባ። ከሺህ ክፍል በላይ ሄዷል።»

አያትየው ስኒያቸውን አስቀመጡ። ፊታቸው ላይ የነበረው ቁጣ ጠፍቶ በቦታው ሌላ ነገር ሲተካ አየሁ። ላም አለኝ በሰማይ ብለው የሚተርቱ መስሎኝ ነበር፤ እርሳቸው ግን ጠጋ ብለው «ሀብቱ የአባቱ ነበር?» አሉ።

«የለም፤ የሌላ ሰው ነው።»

«ታዲያ በምን መብት ይጠይቃል?»

«ባለቤቱ ሊገደል ሲል ሀብቴን ያገኘ ይውሰደው ብሏላ!»

«እ! ኑዛዜ አለ በለኛ» አሉ አያትየው ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ ጉዳዩ ለሁለታችንም አሁን ገና እንደ ተገለጠልን አድርገው። «የንስሓ አባት ነበሩ?»

«የንስሓ አባት እንኳ አልነበሩም። ግን በአደባባይ ነው የተናገረው፤ ሕዝቡ ሁሉ ሰምቶታል።»

«በአደባባይ ከሆነ ይበቃል። ምስክር ካለ ይረታል፤ ይጩኽ፤ መጮኽ አለበት፤ ዝም ያለ እንደሆን ይርጋ ያግደዋል።» ቀጥለውም ስልኩን በጣታቸው እያመለከቱ «ዳኛው ማነው?» አሉ።

ልጁ ዳኛ የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ይልቁንም የዚያ ዓለም መንግሥት ራሱ መርከብ ልኮ ልጁን እንደሚያሳድደው ቢነግራቸው፣ አያትየው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱና «ከመንግሥት ጋራ ከሆነማ» አሉ፣ «ሌላ ሃያ ዓመት ይጨምርበት። በል ክፈተውና ድገምልኝ፤ ድምፁንም ከፍ አድርገው።»